አስተርጓሚ ያጣ እንግዳ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር፤ ይርጋጨፌ)



ከድንኳኑ፣ ከወንበሩና ከድስቱ ሒሳብ በኋላ የሚነሣ ተናጋሪ ንግግሩን ማሳጠር እንደሚገባው ዐውቃለሁ። ይሁን እንጂ ኮሚቴው ያዘዘኝን ጉዳይ በአጭሩ የሚያልቅ ሆኖ አላገኘሁትምና ትንሽ እንድትታገሡኝ አስቀድሜ እለምናችኋለሁ።

ነገሩ የተነሣው፣ እንደምታስታውሱት፣ ባለፈው ዓመት ነው። በ2017 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፣ ዝናቡ አላባራ ባለበት ሰሞን፣ አንዲት ሴት ሁለት ልጆች ይዛ ከመናኸሪያው በር አጠገብ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ተቀምጣ ዋለች። ሰው ሲያናግራት አትመልስም፤ እሷ ስትናገርም የሚሰማት የለም። በአማርኛ ሞከሯት፣ በጌዴኡፋ ሞከሯት፣ በኦሮምኛ ሞከሯት፣ እንግሊዝኛ ዐውቃለሁ የሚል ተማሪም መጥቶ ሞከራት። ምንም የለም። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሁለት ወጣቶች ቤቴ ድረስ መጥተው፣ «ጋሼ፣ አንዲት ሴት አለች፤ ዱዳ ትሁን ወይስ አእምሮዋን ያመማት ትሁን አልለየንም። ዳቦ ስንሰጣት ግን ‹መርሲ› ስትል ሰምተናል፤ ይኼ የርስዎ ቋንቋ አይደለም ወይ?» አሉኝ።

ጃንጥላዬን ይዤ ሄድኩ። «ቦንዡር፣ ማዳም» ስላት ቀና ብላ አየችኝና «ቦንዡር፣ ፓፓ» አለች። ፓፓ በነሱ አገር ለትልቅ ሰው የሚሰጥ አክብሮት ነው፤ እኛ ጋሼ ወይም አባባ እንደምንለው ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለቀሰችውን እዚህ አልተርከውም። የመጣችው ከኮንጎ፣ ከጎማ ከተማ ነው። ጎማ በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር ኤም 23 በሚባለው አማፂ ቡድን እጅ ስትወድቅ ሸሽታ፣ በኬንያ አድርጋ ሞያሌ ገብታ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ተሳፍራ መምጣቷ ነው። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ጥያቄ «እዚህ አዲስ አበባ ነው?» የሚል ነበር። አንድ ሰው ገንዘቧን ተቀብሎ «ደርሰሻል» ብሎ አውርዷት ሄዷል።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። አንዲት የእድራችን እናት ቤታቸው አሳደሯት፤ ልጆቹ ቆጮውን መጀመሪያ አሽትተው ተዉት፤ ማታ ግን ሲርባቸው ጨረሱት። በማግስቱ ወደ ፖሊስ አብሬአት ሄጄ ቃሏን ተረጎምኩላት፤ እነሱም ጉዳዩ ወደሚመለከተው ክፍል አስተላለፏት። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ እኔም ዛሬ እዚህ ባልቆምኩ። ግን በዚያው ሳምንት ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ ክርክር ተነሣ። «ወረቀት የሌለውን የውጭ አገር ሰው ማሳደር ያሳስራል፤ እድሩ ደላላ ሊባል ነው» ያሉ አሉ። «በራችን ላይ የመጣ እንግዳ ነው» ያሉም አሉ። ሁለቱም ወገን ሕጉን አላየም። ኮሚቴው ያዘዘኝ ይህንኑ እንዳስረዳ ነው። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ በሕግ ሰውና በስደተኛ መካከል ብዙ ዓመት ተቀምጬ ሳስተረጉም የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

ይርጋጨፌ ተወልዶ ፈረንሳይኛ ከየት አመጣ ለምትሉ ወጣቶች፣ እኔን ያስተማረኝ ባቡር ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ድሬዳዋ አጎቴ ዘንድ ተላክሁ። ከጂቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ሲሆን አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። የኩባንያው ሥራ በፈረንሳይኛ ይካሄድ ስለነበረ፣ ትኬት ቆራጩም፣ መካኒኩም፣ መጋዘን ጠባቂውም የቻለውን ያህል ይናገር ነበር። እኔም ከትምህርት ቤቱ ይልቅ በመጋዘን የጭነት ደረሰኝ ስጽፍ የተማርኩት ይበልጣል። የመጋዘን ፈረንሳይኛ ነው፤ ቅኔ አይወጣውም፤ ቁጥር ላይ ግን ጥሩ ነው ብዬ እመካ ነበር። በዚህ መመካት ያመጣብኝን ጣጣ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ሐዲድ ላይ ሄደው ከተሰደዱት ሰዎች ሁሉ ስመ ጥሩው ራሳቸው ንጉሡ ናቸው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው በጂቡቲ በኩል ወጡ። ሐረር ላይ ከልጅነታቸው ፈረንሳይኛ የተማሩ ሰው ነበሩ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ሲቆሙ ግን ንግግራቸውን ያደረጉት በአማርኛ ነው፤ የጣሊያን ጋዜጠኞችም በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። የፈረንጅ ቋንቋ እያወቁ በራሳቸው ቋንቋ መናገርን መረጡ፤ ትርጉሙን ለአስተርጓሚ ተዉት። እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ስሠራ ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ትዝ ይለኝ ነበር። ሰው የልቡን የሚናገረው በገዛ ቋንቋው ነውና። ኮንጎዬውም ቢሆን ፈረንሳይኛ የትምህርት ቤትና የቢሮ ቋንቋው ነው እንጂ እናቱ ያጠባችበት አይደለም። ከምሥራቅ ኮንጎ የመጣው ስዋሂሊ አለው፤ የቡሩንዲው ኪሩንዲ አለው። ስለዚህም «ፈረንሳይኛ ተናጋሪ» ስንል ግማሹን መንገድ መጥቶ የሚጠብቀን ሰው ማለታችን ነው።

ወደ ሕጉ ልመለስ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 ጄኔቫ ላይ የተፈረመ ስምምነት አለ። ስደተኛ የሚለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባልነቱ ወይም በፖለቲካ አስተያየቱ ምክንያት እሳደዳለሁ ብሎ በቂ ምክንያት ያለው ፍርሃት አድሮበት ከአገሩ ውጭ የሚገኝን ሰው ነው። ኢትዮጵያ ይህንን ስምምነትና የ1967ቱን ፕሮቶኮል ኅዳር 1 ቀን 1962 ዓ.ም. ተቀበለች። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ እኛ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ በምናበራበት ዕለት፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አገሮች አዲስ አበባ ላይ የራሳቸውን የስደተኞች ስምምነት ተፈራረሙ። ይኸኛው ይሰፋል። አንተ ራስህ ተለይተህ ባትሳደድም እንኳ፣ የውጭ ወረራ ወይም ጸጥታን ክፉኛ ያናጋ ሁከት አካባቢህን ስለመታው ከሸሸህ ስደተኛ ነህ ይላል። ለጎማዋ ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከተማው ሲወድቅ ጥይቱ ስሟን ጠርቶ አልመጣባትምና።

በአገራችን ቀድሞ አዋጅ ቁጥር 409/1996 ነበረ፤ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1110 ተተካ። በዚህ አዋጅ መሠረት ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው በገባ በ30 ቀን ውስጥ የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ቅርንጫፍ ዘንድ ወይም በቅርብ ባገኘው ፖሊስ ጣቢያ ማመልከት ይችላል። ያለ ቪዛ ድንበር መግባቱ ብቻውን፣ ሳይዘገይ ቀርቦ ጉዳዩን ካስረዳ፣ አያስቀጣውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወደሚፈራበት አገር ተገዶ አይመለስም። እንግዲህ ደላላ ያላችሁን ወንድሞች እኔ አልወቅስም፤ በሕገ ወጥ መንገድ ሰው ማሻገርን የሚቀጣ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 መኖሩን ሰምታችሁ ነው። ያ አዋጅ የሚያሳድደው ግን ለጥቅም ብሎ የሚያሻግረውን፣ የሚያጓጉዘውንና የሚደብቀውን ነው። እኛ አልደበቅናትም፤ አንድ ሌሊት ከዝናብ አስጠልለን በማግስቱ ለፖሊስ አስታወቅን። መለያው መስመር እዚያ ላይ ነው፤ ማሳወቅና አለማሳወቅ ላይ። ስለዚህ ወደፊትም እንዲህ ያለ ሰው ሲያጋጥማችሁ አትፍሩ፤ ግን አታቆዩት፤ ቀኑ ይቆጠርበታልና።

አሁን ስለ መምህሩ ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም፤ እሱም አይወድም።

ከቡካቩ፣ ከኮንጎ ምሥራቅ ጠረፍ የመጣ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር። አዲስ አበባ የደረሰው በኅዳር ወር 1999 ዓ.ም. ነው፤ ሚስትና አንዲት ሕፃን ልጅ አለው። እኔ ያን ጊዜ ከባቡሩ ሥራ ወጥቼ አዲስ አበባ እኖር ነበርና፣ በነፃ ለስደተኞች ማመልከቻ የሚያዘጋጅ አንድ ጠበቃ ወዳጄ ለትርጉም ይጠራኛል። መምህሩ ታሪኩን በፈረንሳይኛ በቃሉ ይነግረኛል፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ፣ ጠበቃው ያስተካክላል። ሥራችን ይኸው ነበር።

የመምህሩ ነገር እንዲህ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነሐሴ 1998 ላይ በኮንጎ ሁለተኛው ጦርነት ሲፈነዳ፣ በሰፈሩ የተገደሉትን ሰዎች ስም በትምህርት ቤት ደብተር ላይ ጻፈ። ለምን ጻፍክ ስለው፣ «የስም መጥሪያ መያዝ የአስተማሪ ልማድ ነው» አለኝ። ደብተሩ መኖሩ ታወቀና ይፈለግ ጀመር። ወደ ቡጁምቡራ ሸሸ፤ እዚያ ስምንት ዓመት በሰው ስም ተከራይቶ ኖረ፤ በመጨረሻ የሚፈልጉት ሰዎች እዚያም ደረሱበት።

ዓመተ ምሕረቱን ሲነግረኝ «ኖናንት ዊት» አለ። እኔ ደግሞ ይህን ቃል ሰምቼ አላውቅም። የፈረንሳይ ሰው ዘጠና ስምንትን ሲቆጥር «ካትር ቬን ዲዝ ዊት» ይላል፤ አራት ጊዜ ሃያ፣ አሥር፣ ስምንት እንደ ማለት ነው። ድሬዳዋ የተማርነው ይህንን ነው። ኮንጎን፣ ሩዋንዳንና ቡሩንዲን የገዛችው ግን ቤልጂግ ናት፤ ቤልጂጎች ደግሞ ሰባን «ሴፕታንት»፣ ዘጠናን «ኖናንት» ብለው በአንድ ቃል ይጨርሱታል። እናላችሁ ደጋግሜ ጠይቄ፣ በጣቱ አስቆጥሬ፣ ዘጠና ስምንት ማለቱ እንደሆነ አገኘሁት። በጣም ደስ አለኝ። ሌላ አስተርጓሚ ቢሆን እዚህ ላይ ይስት ነበር ብዬ በልቤ ተኩራራሁ። በዚያ ደስታ በአማርኛው ወረቀት ላይ «በ1998» ብዬ ጻፍኩ። ቁጥሩን አገኘሁና ዘመኑን ሳትኩ።

አያችሁት? እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው ብዬ አልጻፍኩም። በአማርኛ ወረቀት ላይ 1998 የሚል ያነበበ ሰው 1998 ዓ.ም. ብሎ ነው የሚያነበው፤ ይህም ትክክል ነው። መምህሩ የተናገረው በኛ 1990 ዓ.ም. ነበር። ስምንት ዓመት ልዩነት፣ በአንድ መስመር።

ቃለ መጠይቁ ሲደረግ እኔ ነበርኩ አስተርጓሚው። መርማሪው ትሑት ሰው ነው፤ አላንገላታውም። ከሞያሌ እስከ አዲስ አበባ ያለፍክባቸውን ከተሞች ተናገር አለው። መምህሩ አንድም ስም አያውቅም፤ ሌሊት ነው፣ ፊደሉን አያነብም። «አንድ ቦታ ላይ ሊነጋ ሲል አውቶቡሱ ቆመ። አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ጉም አለ። እንደ ኮመጠጠ ጠላ ያለ ሽታ ከወንዙ በኩል ይመጣ ነበር፤ ቀይ የፍሬ ልጣጭ በየሜዳው ተከምሯል» አለ። እናንተም አሁን ሳቃችሁ፤ ገብቷችኋል። በኅዳር ወር በይርጋጨፌ መንገድ ያለፈ ሰው የቡና መፈልፈያውን ሽታ ይረሳው ይሆን? ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። «ጌታዬ፣ ይህ የኔ አገር ነው፤ ሰውዬው እውነቱን ነው» ልል ምንም አልቀረኝም። ግን አስተርጓሚ ምስክር አይደለም። የወንጀል ሕጋችን የሐሰት ትርጉምን ከሐሰት ምስክርነት ጎን አስቀምጦ የሚቀጣው በከንቱ አይደለም፤ ያልተባለውን መጨመር፣ ለደግ ቢሆንም፣ ያው መጨመር ነው። ስለዚህ ሽታውን ሽታ፣ ልጣጩን ልጣጭ ብዬ ተረጎምኩና ዝም አልኩ። መርማሪው ጻፈ። ምን እንዳሰበ አላውቅም።

ከጥቂት ወራት በኋላ መልስ መጣ፤ ማመልከቻው ተቀባይነት አላገኘም። ምክንያቱም ግልጽ ነበር። አመልካቹ አንድ ጊዜ ስምንት ዓመት ቡጁምቡራ ኖርኩ ይላል፣ ሌላ ጊዜ በ1998 ሸሸሁ ይላል፣ ይህም ከመጣበት ዓመት አንድ ዓመት ቢቀድም ነው፤ ደግሞም አሳደደኝ ያለው ቡድን ከዚያ በፊት ተስማምቶ መንግሥት ውስጥ ገብቷል። በእርግጥም ያ ቡድን በ1995 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥቱ ውስጥ ገብቶ ነበር። ወረቀቱን ለመምህሩ በፈረንሳይኛ አነበብኩለት። ሁለታችንም አልገባንም። «በኖናንት ዊት ጦርነት አልነበረም ነው የሚሉት? ታዲያ ጎረቤቶቼን ወባ ነው የገደላቸው?» አለኝ። እኔም ከሱ እኩል ተናደድኩ፤ ምን ዐይነት ፍርድ ነው አልኩ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ሱቅ በደረቴ ለሲጋራ ቆምኩ (ያን ጊዜ አጨስ ነበር)። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ሁለቱን ዘመን ጎን ለጎን የያዘ የቀን መቁጠሪያ አለ፤ ትልቁ ቁጥር የኛ፣ ትንሹ የፈረንጅ። ምን አለፋችሁ፣ እግሬ ከዳኝ። ሲጋራውን ሳልቀበል ሄድኩ።

በማግስቱ ለጠበቃው ነገርኩት። እሱ አልተቆጣም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ይግባኝ ለማለት ቀን አለን፤ ስህተቱ ያንተ መሆኑን በፊርማህ ጻፍ» አለ። ጻፍኩ። «የተሳሳተው አመልካቹ ሳይሆን አስተርጓሚው ነው» የሚል አንድ ገጽ። ለመምህሩም ነገርኩት። ለረዥም ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ «አንተም ተማሪ ነበርክ፤ ተማሪ ይሳሳታል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ቀን ስጽፍ ሁለቱንም ዘመን እጽፋለሁ፤ ሰዓትም እንዲሁ። በፈረንሳይኛ የጠዋቱ ሰባት ሰዓት በኛ አንድ ሰዓት ነው፤ ሳይቀይሩ የጻፉት እንደሆነ ሰውየው ጠዋት ታሰረ የተባለው ከቀትር በኋላ ይሆናል።

ይግባኙ እስኪታይ ሰባት ወር ፈጀ። በዚያ መካከል የመምህሩ ሕፃን ልጅ በሳንባ ምች ሞተች።

የተከራዩት ሰፈር ውስጥ እንደኛው ያለ እድር ነበር። መምህሩ አባል አይደለም፤ መዋጮም ከፍሎ አያውቅም። ያም ሆኖ ያከራዩት እመቤት ለዳኛው ነግረው፣ ሌሊቱን ጡሩንባ ተነፋ። ጠርተውኝ ስደርስ መምህሩ ደንግጦ በሩን ዘግቷል። ሌሊት ጡሩንባ፣ የሰው ድምፅ፣ ሰዎች ግንድና ሸራ ተሸክመው ሲመጡ፤ ከመጣበት አገር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። «ምን እያለ ነው የሚጮኸው?» አለኝ። «ልጅህ መሞቷን እየተናገረ ነው፤ ሰዎቹ ነገ በሦስት ሰዓት እንዲወጡ እየጠራ ነው» አልኩት። «እነማን ናቸው?» አለ። እዚህ ላይ ቃል ጠፋኝ። «አሶሲያሲዮን» ብለው ማኅበር የሚለውን እንደ ፖለቲካ ነገር ወሰደውና ይብስ ፈራ። በኋላ «ሙቱዌል» ስለው ገባው፤ በነሱም አገር ሰዎች እየተዋጡ የሚረዳዱበት ማኅበር በዚህ ስም ይታወቃል። ለለቅሶ ብቻ የቆመ ሙቱዌል መኖሩ ግን አስገረመው። ድንኳኑ ተተከለ፣ ንፍሮው ተቀቀለ፣ ሰው አብሮት ሦስት ቀን ተቀመጠ። ከተቀመጡት አንዱ ሽማግሌ በወታደርነታቸው ዘመን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ከተባበሩት መንግሥታት ጦር ጋር ኮንጎ የዘመቱ ነበሩ፤ የቀረቻቸውን ሁለት የሊንጋላ ቃል አውጥተው ሰላም ሲሉት መምህሩ በልቅሶ መካከል ሳቀ።

ይግባኙ ተቀባይነት አገኘ። ቤተሰቡም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሌላ አገር ተሻገረ።

ስለ ቃላት ጥቂት ልበልና ወደኛ ጉዳይ ልምጣ። አስተርጓሚ የሚወድቀው በከባድ ቃል ላይ አይደለም፤ ከባዱን ቃል ይጠይቃል። የሚወድቀው ቀላል ነው ባለው ቃል ላይ ነው። አንድ የቡሩንዲ ወጣት «አባቴ በልጅነቴ ሞተ» ብሎ፣ ቆይቶ «አባቴ የጉዞዬን ከፈለልኝ» ቢል ውሸታም አትበሉት፤ በኪሩንዲ የአባት ወንድም የሚጠራው «አባታችን» ተብሎ ነው፤ በስዋሂሊም «ትንሹ አባት» ይባላል። ወጣቱ ይህንን በልቡ ይዞ ነው በፈረንሳይኛ «ፔር» የሚለው። ሌላው «ዲስፓሩ» የሚለው ነው። ባሌ «ዲስፓሩ» ስትል እኔ «ጠፋ» ብዬ ተረጎምኩ። በኛ ዘንድ ጠፋ ማለት ጥሏት ሄደ፣ ኮበለለ ማለትም ይሆናል። እሷ ግን ወስደውት ሬሳው አልተገኘም ማለቷ ነበር። በእድር ያደግን ሰዎች ይህንን ልንስተው አይገባም ነበር፤ መርዶ ያልተነገረበት፣ ቀብር የሌለው ሞት መሆኑን። ደግሞ ሴቶች በወንድ አስተርጓሚ ፊት የማይናገሩት ነገር አለ። አንዷ ሦስት ጊዜ ቀርባ ምንም አልተናገረችም፤ በአራተኛው ሴት አስተርጓሚ ስትመጣላት ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገረች። እኔ ውጭ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ነበር።

እንግዲህ፣ ይህ ሁሉ ለይርጋጨፌ ምኗ ነው ትሉኝ ይሆናል። አንደኛ፣ ከሞያሌ የሚመጣው አስፋልት በደጃችን ነው የሚያልፈው። ኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞችን ታስተናግዳለች፤ አብዛኞቹ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ ናቸው፤ ፈረንሳይኛ የሚናገሩት ጥቂት ናቸው። ጥቂት በመሆናቸው ነው አስተርጓሚ የሚያጡት። ሁለተኛው ግን ራሳችንን ይነካል። ከኛ ውስጥ አማርኛ የማይሰሙ እናቶችና አባቶች ፍርድ ቤት ሲቆሙ አላየንም? በሶንጎ ሸንጎ ሥር ቢሆን ነገራቸውን አፍታተው፣ አጣጥመው፣ ማንንም ሳይፈሩ ይናገራሉ። ችሎት ፊት ግን ኮሪደር ላይ የተገኘ አንድ ልጅ ተጠርቶ ይተረጉምላቸዋል፤ የግማሽ ሰዓት ንግግራቸውን «አላደረግሁም ነው የሚሉት» ብሎ ይጨርሰዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 የተከሰሰ ሰው ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለው ይላል። አንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል ይላል። ጠይቁ። አልገባኝም ማለት ዳኛን መድፈር አይደለም።

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት ሕዝባችን ተፈናቅሎ ትምህርት ቤቱንና ቤተ ክርስቲያኑን በሞላው ጊዜ ያየነውንም አስታውሱ። እነዚያ ወገኖቻችን በሕግ ስደተኛ አይባሉም፤ ድንበር አልተሻገሩምና የአገር ውስጥ ተፈናቃይ ነው የሚባሉት፤ ለነሱም የካምፓላ ስምምነት የሚባል የአፍሪካ ሕግ አለ፣ አገራችን በ2012 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። ያን ሰሞን የውጭ አገር የእርዳታ ሠራተኛ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ አንዱ ወደ አማርኛ ያመጣዋል፣ ሌላው ወደ ጌዴኡፋ። መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። አንዲት አሮጊት ስንት ልጆች እንዳሏቸው ሲጠየቁ የሞቱትንም የጠፉትንም ቆጥረው ሰባት አሉ፤ ወረቀቱ ላይ ሰባት ተብሎ ተጻፈና ለሰባት ብርድ ልብስ መጣ። እሳቸው አራቱን ብርድ ልብስ አቅፈው ቁጭ ብለው ሲያለቅሱ እኛ ስለ እርዳታው ደስታ መስሎን ነበር።

ለኮሚቴው ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነው። እድሩ ከሞት መዝገቡ ሌላ አንድ ደብተር ይክፈት፤ በየቤቱ ማን ምን ቋንቋ እንደሚያውቅ ይጻፍበት። ለቀብር የሚጠራ ሰው እንዳለን ሁሉ ለመተርጎምም የሚጠራ ሰው ይኑረን፤ ለችሎትም፣ ለጤና ጣቢያም፣ ለመናኸሪያም። ገንዘብ ያዣችን ወጪው ስንት ነው ብለው ጠይቀውኛል። የአንድ ደብተርና የአንድ እስክሪብቶ ዋጋ ነው። የመንገድ እንግዳ እዚህ ቢሞት ይቀበራል ወይ ለሚለው ጥያቄ ግን እኔ መልስ መስጠት አልችልም፤ መተዳደሪያ ደንባችን አባል ይላል፤ ጉባኤው ነው የሚወስነው። እኔ የአዲስ አበባውን እድር ያየሁትን ነገርኳችሁ።

ጸሐፊያችን ከወዲሁ ጀምረውታል። እስከ ትናንት ድረስ ጌዴኡፋ፣ ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ፣ ጉራግኛና ወላይትኛ የሚያውቁ ሰዎች ስም ተመዝግቧል፤ ኬንያ መኪና ሲነዳ የኖረ ስዋሂሊ የሚችል አንድ ሹፌርም ተገኝቷል። የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ አልተገኘም። በፈረንሳይኛው መስመር ላይ ያለው የኔ ስም ብቻ ነው፤ ዕድሜዬም እንደ ድሬዳዋው አቆጣጠር ሱዋሳንት ኤ ኦንዝ፣ እንደ መምህሩ ሴፕታንት ኤ ኧን ሆኗል። መማር የሚፈልግ ወጣት ካለ ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፤ ደብተሩን ይዞ ይምጣ፤ ከቁጥር እንጀምራለን።